እየተጠባበቁ የሚዘጉ ሂሳቦች

«የእነዚህ ቀስቶች ምክንያት ግን አልገባኝም» አለች ሊያ፣ ግድግዳው ላይ የበራውን ሥዕል በብዕሯ ጫፍ እየነካች። «አቅራቢዎች ባንክ እስኪዘጋ ይጠብቃሉ። ደመወዝ ደግሞ አቅራቢዎች እስኪዘጉ ይጠብቃል። አንዱ ምድብ ከሌላው የሚፈልገው ቁጥር ሁሉ ግን ወሩ ሳያልቅ ሲስተሙ ውስጥ ገብቷል። በመካከላቸው የቀረው ንባቡ ብቻ ነው።»

ጠረጴዛውን ከበው የተቀመጡት ሁሉ ወደ ሳህለ ዞሩ።

መሥሪያ ቤቱ በሮም ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ከፖንቴ ማሞሎ የሜትሮ ጣቢያ እልፍ ብሎ የሚገኝ ኮፔራቲቫ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው፤ በከተማይቱና በዙሪያዋ ሦስት የአረጋውያን መኖሪያዎችን ያስተዳድራል። በየወሩ መጀመሪያ ያለፈው ወር ሂሳብ ሲዘጋ ሥራው እንደ መቁጠሪያ ክር ነበር፤ አንዱ ዶቃ ሳያልፍ ሌላው አይንቀሳቀስም። ሊያ ደመወዝ የምትሠራ የሂሳብ ሠራተኛ ናት፤ ከኢትዮጵያዊት እናት እዚሁ ሮም ተወልዳ ያደገች። ዛሬ ለሥራ አስኪያጇ ያቀረበችው ሐሳብ ያንን ክር የሚበጥስ ነበር፤ ሂሳቦቹ በየምድባቸው ይለያዩ፣ እያንዳንዱ ምድብ የራሱ ባለቤትና የራሱ መስመር ይኑረው፣ ሥራውን የጨረሰ ማንንም ሳይጠብቅ ቆልፎ ይሂድ።

ንባቡ የሳህለ ሥርዓት ነው። እሱ የክፍሉ ኃላፊ ሆኖ ከተሾመበት ዓመት ጀምሮ፣ ማንም ሠራተኛ ምድቡን ከመቆለፉ በፊት ወደ ጠረጴዛው ይመጣል። ከጎኑ ካለው ወንበር ተቀምጦ የእያንዳንዱን ሂሳብ ቀሪ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል። ሳህለ የራሱን ቅጂ በጣቱ እየተከተለ ያዳምጣል፤ ሲያበቃም «ቫ ቤኔ፣ ይለፍ» ይላል። ተከታዩ መዝጋት የሚጀምረው ይህ ቃል ሲሰማ ነው።

«ሲኞር ሳህለ፣ ንባቡ ሊቀር ይችላል?» አለች ሥራ አስኪያጇ። ሁሉም ዶቶሬሳ ይሏታል፤ ንግግሯ ለዛ ባይኖረውም ቅንነት አያጣም። «እርስዎ አይቻልም ካሉ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል።»

ሳህለ ሥዕሉን አየው። ቀስቶቹ ሁሉ ወደ አንድ ነጥብ ያመሩ ነበር፤ ነጥቡም የእሱ ወንበር ነው።

«ንባቡን የጠየቀው ሬቪዞሬው ነው» አለ።

ሬቪዞሬ የሚሉት በዓመት አንድ ጊዜ እየመጣ መዛግብቱን የሚመረምረውን የውጭ ኦዲተር ነው። ሰውየው እንዲህ ያለ ነገር ጠይቆ አያውቅም፤ ንባብ የሚባል ሥርዓት መኖሩን መስማቱም ያጠራጥራል። ሳህለን ያስደነገጠው መዋሸቱ አልነበረም፤ ውሸቱ ለዓመታት በአፉ ውስጥ ተራውን ሲጠብቅ የኖረ ይመስል እንደዚያ ሳይደናቀፍ መውጣቱ ነበር።

«እንግዲያው አንነካውም» አለች ዶቶሬሳዋ ኮምፒዩተሯን እየከደነች። «ዘንድሮ ከሬቪዞሬው ጋር የምከራከርበት ጉልበት የለኝም።»

ባንክና ጥሬ ገንዘብ የያዘው ሮሞሎ፣ ጡረታ የሚወጣበትን ቀን ሲያስብ የሚውለው ሮማዊ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። «አይ ሊያ፣ በፒጃማዬ ሆኜ ባንክ ልዘጋ ነበር እኮ። ለሚስቴ ሁሉ ነግሬያታለሁ።»

«ሚስትህ ምን አለች?» አለችው ሊያ።

«ቢሮው ይሻልሃል አለችኝ።»

ተሳሳቁ። ሳህለም አብሮ ፈገግ አለ። ሰዎቹ ሲወጡ ሊያ ገመዶቿን እየጠቀለለች ወደ እሱ ጠጋ ብላ ቋንቋዋን ወደ አማርኛ ለወጠች።

«ይቅርታ ጋሽ ሳህለ። ስብሰባው፣ ሪኡኒዮኔው ላይ ከማቅረቤ በፊት ለብቻ ልጠይቅዎት ይገባ ነበር። ሬቪዞሬው መሆኑን ባውቅ ኖሮ አላነሳውም ነበር። በሰው ፊት ያጋለጥኩዎት መሰለኝ።»

«ምንም አላጋለጥሽኝም።»

«አሎራ፣ እንግዲህ እንደ ድሮው እንቀጥላለን። ቫ ቤኔ።»

ይቅርታ የጠየቀችው እሷ መሆኗ ሳህለን እስከ ጠረጴዛው ድረስ ተከተለው።

ወደ ሮም የመጣው ለቅስና ሊማር ነበር። የካቶሊክ ሀገረ ስብከቱ ልኮት ፍልስፍናውን ፈጸመ፤ ነገረ መለኮቱን አጋመሰ። ማዕረገ ዲቁና ሊቀበል ሲቃረብ፣ ማንም ሳይከሰው፣ ማንንም ሳይወድድ፣ በቃኝ ብሎ ወጣ። ለምን እንደ ወጣ ለማንም ማስረዳት አልቻለም፤ ሴት ወይም ክህደት ቢኖር ኖሮ ሰው ይረዳው ነበር። አብረውት የተማሩት ካህናት ዛሬም ሲያገኙት በትሕትና ሰላም ይሉታል፤ ሰላምታቸው ግን የታመመ ሰው ክፍል ገብቶ እንደሚወጣ ሰው እግር የፈጠነ ነው። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ከሚሰበሰቡት ኦርቶዶክሳውያን ዘንድ ደግሞ «ካቶሊኩ ሳህለ» ነው፤ ይወዱታል፣ የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀት ሲያስቸግራቸው ይፈልጉታል፣ ሲጾሙና ሲፈስኩ ግን አያስታውሱትም። ከሁለቱም ሳይሆን በዚች ከተማ ሸበተ። በቶርፒኛታራ ሰፈር አንዲት ክፍል አለችው፤ መጻሕፍቱ ከወለል ተነሥተው እስከ መስኮቱ ወገብ ደርሰዋል። የሚያነበውን ሊነግረው የሚችል ሰው ስለሌለ ንባቡ በውስጡ እየተጠራቀመ ሄደ፤ ልክ አየር እንደማይገባው ክፍል።

የሂሳቡን ንባብ ያመጣው ከሴሚናሪው ነው። በዚያ በምግብ ሰዓት ሁሉም ዝም ብሎ ይበላል፤ አንድ ተረኛ ከፍ ካለ ስፍራ ሆኖ ያነባል። ሳህለ ከዚያ ቤት የናፈቀው ጸሎቱን አልነበረም። በዝምታ መካከል ለአንተም ለሌላውም እኩል የሚነበብ የሰው ድምፅ ነበር የናፈቀው። የክፍሉ ኃላፊ ሲሆን ሥርዓቱን «የጥንቃቄ ማረጋገጫ» ብሎ ሰየመው፤ የሂሳብ ሰው ጥንቃቄ ለሚባል ነገር ምክንያት አይጠይቅምና ማንም አልተቃወመውም። እነሆ በየወሩ መጀመሪያ፣ ለጥቂት ቀናት፣ ሰዎች በየተራ አጠገቡ ተቀምጠው ድምፃቸውን ሰጡት። ሮሞሎ የባንኩን ቀሪ እንደ እግር ኳስ ውጤት ያነበዋል። ሊያ ሺዎቹ ላይ ስትደርስ ትንፋሿን ትሰበስባለች። ተራው የዘገየበትም ሰው ስለማይሄድ በየጠረጴዛው ወሬ ይደራል፣ ከታች ካለው ሱቅ ፒሳ ይመጣል፣ አንዱ ከሌላው ሣጥን ይቆርሳል። ንባቡ ያገኘው ስሕተት ቢኖር ገና በመጀመሪያው ዓመት አንድ ብቻ ነው፤ ያም በማግስቱ ሲስተሙ ራሱ ሊያገኘው የሚችል ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ከሥዕሉ ቅጂ ጋር ብቻውን ተቀምጦ የእናቱን ወንድም አባ ወልደጊዮርጊስን አስታወሰ። አባ ወልደጊዮርጊስ በአንድነት ገዳም መንኩሰው ብዙ ዘመን ከኖሩ በኋላ ወደ ቁሪት ገዳም የተሻገሩ መነኩሴ ነበሩ። በአንድነት ገዳም ማኅበሩ አንድ ማዕድ ይቀርባል፤ አዝመራው፣ ድካሙ፣ ረሃቡም የጋራ ነው። በቁሪት ገዳም ግን እያንዳንዱ መነኩሴ በየጎጆው የራሱን ያበስላል፣ የራሱን ይበላል፣ ማንም በማንም አይዘገይም። ሳህለ በወጣትነቱ ሊጠይቃቸው ሄዶ «የትኛው ይከብዳል አባ?» ብሏቸው ነበር። ሽማግሌው ብዙ ሳያስቡ፣ «እዚህ የጎደለኝ ነገር የለም። ሽሮዬንም በፈለግሁ ሰዓት ነው የምሠራው። ብቻ ደወል ሲመታ ‹አባ እገሌ ቀርተዋል፣ እንጠብቃቸው› የሚል የለም» ብለውት ነበር።

ሊያ እንግዲህ የሂሳብ ክፍሉን ወደ ቁሪት ልትለውጠው ነው ያሰበችው። ሳህለ ይህን ለራሱ ሲናገር ነገሩ ማረከው፤ ምሁራዊ ሐዘን የሚሰጠውን ጣፋጭ ስሜት ለአፍታ ቀመሰ። ለውሸቱም ክቡር መሠረት ያገኘለት መሰለው። ማኅበርን ከመበተን አድኗል፤ ስሕተቱ ቢበዛ የአጠራር ነው።

ውሃ ሊቀዳ ሲወጣ ሊያን የአደጋ ጊዜ ደረጃው ላይ አገኛት፤ ጀርባዋን ሰጥታ ስልክ ታነጋግራለች።

«ዛሬ የነገርኩሽ ነገር አልሆነም እማዬ... አይ፣ እሷማ ተስማምታ ነበር... ሬቪዞሬው ነው። ሂሳብ መርማሪ ማለት ነው፣ ከውጭ የሚመጣ... አዎ፣ በሚመጣው ሳምንት እንደ በፊቱ አመሻለሁ። ረዳትሽ ትንሽ እንድትቆይልሽ እጠይቃታለሁ... አውቃለሁ። እንደማትችል አውቃለሁ እማዬ።»

ዞር ስትል አየችው፤ ልትደብቀው የፈለገች ነገር እንደሌለ ስልኩን ዘረጋችለት። «ድምፅዎን ሰምታ ነው መሰለኝ፣ ልታነጋግርዎት ትፈልጋለች።»

ድምፅ አላሰማም ነበር። ቢሆንም ተቀበላት።

«እትዬ አበበች፣ እንደምን ዋሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንተ ሰው፣ ጠፋህ እኮ። ገና ሲሆን የለህም፣ ፋሲካ ሲሆን የለህም። ልጄን ባልጠይቃት ኖሮ ሞቷል እል ነበር።»

«ሥራ ነው እትዬ።»

«ሥራ አትበለኝ። ሥራን እኔ አውቀዋለሁ። እዚህ አገር የሰው እናት ሳገላብጥ አይደል የሸበትኩት? አሁን ለአስታማሚዋ፣ ለባዳንቴዋ፣ ባዳንቴ ተፈለገላት። ይህን ስነግራት ልጄ አትስቅም።»

«እጅዎ እንዴት ነው?»

«ቀኙ ይታዘዛል። ግራው ጡረታ ወጥቷል፤ እግሩንም ይዞት ሄደ።» ወይዘሮ አበበች ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «እስቲ ስለዚያ ሰውዬ ንገረኝ።»

«ስለ የትኛው?»

«ሬቪዞሬ ስለምትሉት። እናት አለችው?»

ሳህለ የደረጃውን ብረት ያዘ። «አላውቅም።»

«ብትኖረው ይህን አይጠይቅም ነበር። አንድ ቀን ይዘኸው ና። አልጣላውም፤ በእግዜር ስም እነግርሃለሁ አልጣላውም። ሻይ ጠጥቶ፣ እኔን አይቶኝ ይሂድ። ክፉ ሰው ነው?»

«አይደለም። ሥራውን የሚያከብር ሰው ነው።»

«እንዲያ ከሆነማ ይሰማል።» ከጀርባቸው የቴሌቪዥን ሳቅ ይሰማ ነበር። «መዋሉንስ እውላለሁ። ረዳቴ አለች፣ ቴሌቪዥኑ አለ። መምሸቱ ነው የማይገፋልኝ። በዚያን ሰዓት ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ይገባል፤ በዚህ በኩል በር ይከፈታል፣ በዚያ በኩል ይከፈታል። የእኔ አይከፈትም። እየሰማሁ እቀመጣለሁ። አንተ ልጅ የለህም፤ ይገባሃል?»

«ይገባኛል እትዬ።»

«ይግባህ። በል ስጣት። ለፋሲካ ደግሞ እንዳትቀር፤ ጦም አልጦምኩም ብለህ አትፈር፣ እኔም በመድኃኒቱ ምክንያት ትቻለሁ።»

ስልኩን መለሰላት። ሊያ ፈገግ ብላ፣ «ምን አለችዎት?» አለችው፤ «ሬቪዞሬውን ልትመታው ነው አይደል?»

«ሻይ ልታጠጣው ነው።»

«ምስኪን ሰውዬ» አለች ሊያ ወደ ውስጥ እየገባች።

ሳህለ ደረጃው ላይ ቀረ። ከታች አውቶቡሶቹ ይዞራሉ። የእትዬ አበበች በር ድምፅ እንግዳ አልሆነበትም፤ እሱም በቶርፒኛታራ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ የጎረቤቶቹን ቁልፍ ሲለይ ይኖራል። የባንግላዴሹ ሰውዬ ሁለት ጊዜ ያዞራል፤ ተማሪዋ በሩን በእግሯ ትገፋለች። ያንን ሰዓት ለማዘግየት ነበር ንባብን የፈጠረው። ልዩነቱ፣ በእሱ በር በኩል ሊመጣ ኖሮ የቀረ ሰው የለም። በእሳቸው በር በኩል የምትመጣው ግን እዚህ፣ ከጎኑ ባለው ወንበር ላይ፣ ሺዎቹ ላይ ስትደርስ ትንፋሿን እየሰበሰበች ታነብለታለች። ማኅበር ብሎ የጠራውን ነገር እንደገና አሰበው። በአንድነት ገዳም መነኮሳቱ ደወሉን የሚጠብቁት ወደው ነው፤ እሱ ግን በሩን ቆልፎ ደወሉን በኪሱ የያዘ ሰው ነበር።

የዶቶሬሳዋን በር አንኳኳ። ገርበብ ብሎ ስለነበር ሳትመልስ ገባ።

«ጠዋት የተናገርኩት ትክክል አይደለም» አላት፣ ሳይቀመጥ። «ሬቪዞሬው ንባቡን አልጠየቀም። አያውቀውም። ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

ዶቶሬሳዋ እጆቿን ከኮምፒዩተሩ ላይ አነሣች። «ለምን ሬቪዞሬው አሉ ታዲያ?»

የሚያስረዳ ቃል ፈለገ። በጣልያንኛ የሚያውቃቸው ቃላት ሁሉ ወይ ለመጽሐፍ ወይ ለሂሳብ ነበሩ።

«እንዲቀር ስላልፈለግሁ።»

አንድ ነገር ልትጠይቀው እንደ ነበር ከግንባሯ ታወቀው፤ ከዚያ ጥያቄውን ተወችው፤ ምናልባት መልሱን ብትሰማ ምን ልታደርግ እንደሚገባት ስላላወቀች ይሆናል።

«ለሂሳቡ ጥቅም አለው?»

«የለውም። ሊያ የሣለችው ትክክል ነው። ምድቦቹ በየመስመራቸው ሊዘጉ ይችላሉ፤ ከሚመጣው ሳምንት ጀምሮ።»

«መልካም። በጽሑፍ ይላኩልኝ፤ ለሁሉም አሳውቃለሁ።» እሱ ሊወጣ ሲል፣ «ሲኞር ሳህለ» አለችው። «እኔም አነብልዎታለሁ ብዬ ጠብቄ ነበር። አንድም ጊዜ አልጠሩኝም።»

ቀልድ ይሁን ወቀሳ አልለየውም። አጎንብሶ ወጣ።

የጻፈው መልእክት አጭር ነበር። ሊያ አንብባው ኮምፒዩተሯን በክንዷ አቅፋ ስትመጣ፣ ያንኑ ወንበር ስባ ሳታስበው ከጎኑ ተቀመጠች።

«ጋሽ ሳህለ፣ አልገባኝም። ሬቪዞሬውስ?»

«አልጠየቀም። እኔ ነኝ።»

ሊያ ኮምፒዩተሯን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ደረጃው ላይ ለእናቷ የነገረችው፣ እናቷም ለሳህለ የተናገሩት በፊቷ ላይ ሲያልፍ አየው። ትቆጣለች ብሎ ጠበቀ፤ ቁጣዋን የሚቀበልበትን ቦታ በልቡ አዘጋጅቶ ነበር።

«ለእማዬ ምን ልበላት?»

«እውነቱን ንገሪያት።»

«ሻዩን ለእርስዎ ታደርገዋለች ማለት ነው» አለች ቀዝቀዝ ብላ። ከዚያ ኮምፒዩተሩን ከፈተች፤ ቁጣዋን ወደ ሥራው አዞረችው፤ ሥራዋም ከወትሮው ፈጠነ። «አሎራ። ባንክ የሮሞሎ። አቅራቢዎች እንደ ነበረ። ደመወዝ የእኔ። የነዋሪዎች ክፍያ በቅርቡ ለተቀጠረችው ለአዲሷ ልጅ። እርስዎን ቋሚ ንብረት ላይ ነው ያደረግሁዎት፤ ሕንፃዎቹ፣ አልጋዎቹ፣ መኪናዎቹ። የእርጅና ቅናሹን ሲስተሙ ራሱ ያሰላል፤ እርስዎ ማረጋገጥ ብቻ ነው። ከቤት ሆነው መሥራት ይችላሉ። ማንንም አይጠብቁም፣ ማንም አይጠብቅዎትም። መጀመሪያ ያሰብኩት ለእርስዎ ነበር፤ እንዲያርፉ።»

«አመሰግናለሁ» አለ። ከአፉ ሲወጣ ቃሉ ደረቀበት። «ይህ የታችኛውስ? ስም የለበትም።»

«እሱ የቤቶቹ መሐል ሂሳብ ነው።» ሊያ ፊቷን አኮሳተረች። «የኦስቲያው ቤት ለቲቮሊው ነርስ ያውሳል፣ የቲቮሊው ለሞንቴቬርዴው ፍራሽ ይልካል። አንዱ ሰጠሁ ያለውን ሌላው ተቀበልኩ ማለት አለበት፤ አይሉም። እስካሁን ከሁሉም መጨረሻ በግምት ነበር የምናስታርቀው። ለብቻው መስመር ልሰጠው አልቻልኩም፣ ምክንያቱም ወደ ሦስቱም ቤቶች ካልተደወለ አይዘጋም። ሁሉንም ጠየቅኳቸው፤ የሚወስደው ጠፋ።»

«ቋሚ ንብረቱን ለአዲሷ ልጅ ስጪያት» አለ ሳህለ። «እሷ ትንሽ ልጅ አለቻት፣ ከቤት መሥራት ይጠቅማታል። ይህን ለእኔ አድርጊው።»

«ጋሽ ሳህለ፣ እረፉ እንጂ። የኦስቲያዋ ሴትዮ ስልክ አታነሳም። ስታነሳም ትጮኻለች። ወሩን ሙሉ ነው የምትከራከሩት።»

«ይሁን።»

«ቅጣት ፈልገው ከሆነ ይንገሩኝ። እኔ ካህን አይደለሁም።»

«እኔም አልሆንኩም» አለ ሳህለ። «ቅጣት አይደለም። አንድ ሰው መደወል አለበት ብለሻል።»

ሊያ ወደ ኮምፒዩተሩ ዞረች። ቁጣዋ አልበረደም ነበር፤ ቢሆንም ስሙን ከላይኛው መስመር አጥፍታ በታችኛው ላይ ጻፈችው። ሰዓቷን ተመለከተችና ቦርሳዋን አነሣች፤ ወሩ ገና ስላላለቀ ዛሬ የሚያስመሻት አልነበረም። ከበሩ ሳትደርስ ቆም አለች።

«የኦስቲያዋን ሴትዮ ስም ከደመወዝ መዝገቡ ላውጣልዎት? ሲደውሉ በስሟ ቢጠሯት ይሻላል፤ ምናልባት ትለዝባለች።»

ሳህለ ስልኩን ወደ ራሱ ስቦ እጀታውን አነሣ።

«ተዪው፣ አንቺ ሂጂ» አላት። «እኔው እጠይቃታለሁ።»